ከማንደፍሮ በላይ

ሮሐ ማንበብ የምትለማመደው ትራም ላይ ነበር። ቤት ውስጥ አሠሪዋ ይሰሟታል፤ አክስቷ ዘንድ ደግሞ «ምን ታጉተመትሚያለሽ?» ትባላለች። ትራሙ ግን ለማንም ግድ የለውም። ከፖርታ ማጆሬ እስከ ፒያሳ ቪቶሪዮ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ትርጉሙን የማታውቀውን ቃል እየደጋገመች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። አጠገቧ የሚቀመጡት ጣሊያናውያን አሮጊቶች ጸሎት የምታደርስ ስለሚመስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉላታል።

የምታነበው ግን ጸሎት አልነበረም። የአይስላንድ መጽሐፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮሐ ኤስኲሊኖ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲግሪዱር የሚባሉ አሮጊት ትጦራለች። ሮም ውስጥ ይህን ሥራ የምትሠራ ሴት ባዳንቴ ትባላለች። ሲግሪዱር አይስላንድ ተወልደው፣ ሮማዊ አግብተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገራቸውን የጥንት ታሪኮች ወደ ጣሊያንኛ ሲመልሱ የኖሩ ሴት ናቸው። እግራቸው ደህና ነው፤ ምላሳቸውማ ከእግራቸው ይብሳል። የከዳቸው ዓይናቸው ነው። ቤታቸውን ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ሞልቶት ሳለ አንዱንም ማንበብ ሲሳናቸው፣ አንድ ቀን ሮሐን ጠርተው አንዱን እጇ ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ ድምፁን አውጪልኝ፤ ትርጉሙን እኔ አውቀዋለሁ» አሏት በጣሊያንኛ።

ሮሐ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። ፊደሉ ላቲን ነው፤ ነገር ግን መሃል መሃሉ ላይ ፒ ይሁን ቢ ያልለየለት፣ ሆዱ የተነፋ ፊደል ይገባበታል። እሱ ሲመጣ ምላስን በጥርስ መሃል አውጥቶ መተንፈስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሁለቱም በሳቅ አሳለፏቸው። በኋላ ግን ድምፁ እየገራ፣ ጆሮዋም እየለመደ መጣ፤ እሷም ሳታስበው ወደደችው።

የአይስላንዶቹ የስም አጠራር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልከበዳትም። ሮሐ ፔርሜሶ በሚሉት የመኖሪያ ፈቃዷ ላይ የአባቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሰፈረ፣ በየቢሮው «ሲኞሪና ዓለም!» ሲባል አባቷ በተጠሩ ቁጥር አቤት የምትለው እሷ ናት። አይስላንዶች እንደኛ ናቸው፤ የራስ ስም፣ ከዚያ የአባት ስም፣ አለቀ። የስልክ ማውጫቸው እንኳ የሚደረደረው በራስ ስም ነው። ሲግሪዱርም ሲኞራ መባል አይወዱም፤ እነሱ ዘንድ ትልቅ ሰውም ቢሆን በስሙ ነው የሚጠራው። ሮሐ ግን አያቷ የሚሆኑትን ሴት በደረቁ ስማቸውን መጥራት አልሆንልሽ ቢላት «እማማ ሲግሪዱር» አለቻቸው። እሳቸውም ማዕረግ መስሏቸው ደስ አላቸው።

ሊራ በዩሮ ከተተካ ሁለተኛው ዓመት ነበር። በኅዳር አንድ ዝናባማ ሐሙስ፣ ሮሐ ከአክስቷ ቤት ስትመለስ ትራሙ ድንገት ፍሬን ያዘ። መጽሐፉ ከጉልበቷ ወደቀና ሽፋኑ ወዲያ፣ ወረቀቱ ወዲህ ሆነ። ፊት ለፊቷ ቆሞ የነበረ ጠይም ወጣት ጎንበስ ብሎ አነሳላት። አላያትም። የሚያየው የመጽሐፉን ጀርባ ነበር።

«ታሟል» አለ በአማርኛ።

«ማን?»

«መጽሐፉ። ክሩ በስብሷል። እንዲሁ ከያዝሽው እስከ ገና አይደርስልሽም።» ከዚያ ገጹን አየና ግንባሩን ቋጠረ። «የምን ቋንቋ ነው?»

«የአይስላንድ።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። የሚቸኩል ዓይን አልነበረም፤ እንደ መጽሐፉ ከላይ እስከ ታች አላገላበጣትም፤ ረጋ ብሎ አንድ ቦታ ላይ፣ ፊቷ ላይ ቆመ። ሮሐ ጉንጮቿ ሲሞቁ ተሰማት።

«ትሰሚዋለሽ ማለት ነው?»

«ማንበብ ነው እንጂ መስማትስ አልሰማም።»

ሳቀ። እሱም በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ግዕዝ ሲያነብ፣ ምን እንደሚል ሳያውቅ ዓመት ሙሉ እንደጮኸ ነገራት። ስሙ ቃለጽድቅ ነው። የላስታ ልጅ ነው። አባቱ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ እሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። ከብዙ መንከራተት በኋላ ሮም ደርሶ፣ ከወንዙ ማዶ ባለ አነስተኛ የመጽሐፍ መጠረዣ ውስጥ ይሠራል። ይህን ሁሉ ነግሯት ሲያበቃ መውረጃውን ሁለት ፌርማታ አልፎት ነበር። አላስታወሰችውም። ጨዋ ልጅ ናት፤ ግን አላስታወሰችውም።

እማማ ሲግሪዱር መጽሐፋቸው ከቤት ወጥቶ እንዲታከም አልፈቀዱም። ሐኪሙ ራሱ ይምጣ አሉ። ሮሐ ደውላ ብትነግረው፣ ቃለጽድቅ በማግሥቱ መርፌና ክሩን ይዞ ሲመጣ በመጀመሪያ እጁን ዳሰሱ፤ ከዚያ ስለ ቆዳ ጠየቁት። የእሳቸው አገር የጥንት መጻሕፍት በጥጃ ቆዳ ላይ የተጻፉ ናቸው፤ የእሱ አገር ደግሞ በፍየል። ሁለቱ ስለ ቆዳ አነካከርና ስለ መፋቂያው ቢላ ሲጫወቱ ሮሐ እራት አሳረረች።

«አሎራ፣ እንግዲህ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «በልጅነቴ በኛ ቤት ክረምቱ ረጅም ነበር። አንድ ሰው ያነባል፤ ሌላው ሱፍ ይፈትላል፣ መረብ ይጠግናል። ጆሮ ሲሰማ እጅ አይፈታም ነበር። አሁን ሮሐ ታነባለች፣ አንተ ትሰፋለህ፣ እኔ እሰማለሁ። ይበቃናል።»

በቃቸውም። ከዚያ ወዲህ ቃለጽድቅ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ይመጣል። ሮሐ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ እማማ ሲግሪዱር ወደ ጣሊያንኛ ይመልሱታል፤ ቃለጽድቅ መርፌውን አየር ላይ ይዞ ይጠብቃል፤ ትርጉሙ ሲመጣ መርፌው ይወርዳል። አይስላንዶች ከሌላ ቋንቋ ቃል መዋስ እንደማይወዱም ሰሙ፤ ኮምፒውተር ሲመጣባቸው ቁጥርና ጠንቋይ የሚሉ ሁለት የራሳቸውን አሮጌ ቃላት አጋብተው ስም አወጡለት። ቃለጽድቅ ይህን ሲሰማ ለአንድ ሳምንት የመጠረዣውን ኮምፒውተር በአማርኛ ጠንቋዩ እያለ ሲጠራው ከረመ።

የታሪኮቹ አንድ ጣጣ አጀማመራቸው ነበር። ሰውየው ገና በር ሳይከፍት የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ ተብሎ ግማሽ ገጽ ይሄዳል። ሮሐ «ይሄ ታሪክ አይደለም፤ ዘር ሲቆጥሩ አክስቴ እትዬ አሰለፈች ናቸው» ብላ ትስቃለች። አንድ ቀን ደከማትና ስሞቹን ዘለለች። እማማ ሲግሪዱር እጃቸውን አነሱ።

«ሦስት ሰው ገደልሽብኝ» አሉ። «በአባቴ ቤት አባቶችን የሚቆጥር አንባቢ አይቋረጥም። የሰለቸው ይተኛ። ማን ከማን እንደመጣ ሳይሰማ የማን ጠላት ማን እንደሆነ እንዴት ያውቃል? ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ጀመረች። ቃለጽድቅ አጎንብሶ ይስቃል። እሷም ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ሁለቱም ሳቁን ረሱት። በዚያች አጭር ዝምታ የተባባሉትን በቃል ቢናገሩት እስከ ጥምቀት አይበቃቸውም ነበር። እማማ ሲግሪዱር አያዩም፤ ዝምታን ግን ይሰማሉ። ሳል አሉና «ቀጥዪ» አሉ።

በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ እንደ አገራቸው ወግ፣ ለሁለቱም መጽሐፍ ሰጧቸው፤ በዚያው ምሽት ከፍቶ ማንበብ ግዴታ ነው። ቃለጽድቅም ባዶ እጁን አልመጣም። ከእሑድ ገበያ ያገኘውን ሽፋኑ የተገነጠለ የአማርኛ መጽሐፍ በቀይ ቆዳ ደጉሶ ለሮሐ ሰጣት።

«ማንበብም መስማትም የምትችዪው ነው» አላት።

ቆዳውን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ሮሐ፣ አክስትሽን ላነጋግራቸው?»

ባሕሩን ተሻግሮም ቢሆን የሐበሻ ልጅ ወደድኩሽ የሚለው እንዲህ ነው። እሷም አወቀችው። «አነጋግራቸው» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

እትዬ አሰለፈች የሮሐ አባት ታላቅ እህት ናቸው። ሮም ሲኖሩ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሮሐን ወላጆቿ ሲሞቱባት እዚህ ድረስ ያመጧት፣ ያስተማሯት፣ ያስቀጠሯት እሳቸው ናቸው። ሮሐ ከቃላቸው ወጥታ አታውቅም፤ ያለ ምርቃታቸው ትዳር መያዝም በሐሳቧ የለም። ስለዚህ ከእኛ ገና በኋላ በዋለው እሑድ ቃለጽድቅ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ቤታቸው ሲመጣ፣ የሮሐ ዕድሜ ሙሉ በዚያች ትንሽ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እትዬ አሰለፈች ስለ ሥራው ጠየቁት፤ ደስ አላቸው። ስለ ሃይማኖቱ ጠየቁት፤ ይበልጥ ደስ አላቸው። አገሩ ላስታ መሆኑን ሲሰሙ ግን ስኒያቸውን ያዝ አደረጉ፤ የእነሱም ዘር ከዚያ ነውና።

«እንግዲህ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ፣ ልጄ» አሉት።

ቃለጽድቅ ኮራ አለ። አባቱ በቃሉ ያስያዙት ነገር ቢኖር ይህ ነው። በአንድ ትንፋሽ ጀመረው፤ «ቃለጽድቅ፣ ዘመንፈስቅዱስ፣ ፀሐዬ፣ መሪጌታ ማንደፍሮ...»

«ቆይ፣ የትኛው ማንደፍሮ?»

«የላስታው፣ ጸሐፊው። ግራኝ ነበሩ ይባላል...»

እትዬ አሰለፈች ስኒውን አስቀመጡ። «በቃ። አትቀጥል።» ከዚያ ወደ ሮሐ ዞሩ። «የአባቴ አባት ናቸው። ሁለት ትዳር ነበራቸው፤ የፊተኛዋ ልጆች ስማቸው እንኳ እኛ ዘንድ አልደረሰም። አሁን ደረሰ። ወንድምሽ ነው፣ ሮሐ። ሳትወድቁ ያወጣችሁ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ቃለጽድቅ ተነሣ። እጅ ነሥቶ ወጣ። ሮሐ በመስኮት ወደ ትራሙ ሲሄድ አየችው። ወንድሜ ነው ብላ ራሷን ለማስተማር ሞከረች፤ ቃሉን ማንበብ ቻለች፣ መስማት ግን አቃታት።

ከዚያ በኋላ አልመጣም። በእማማ ሲግሪዱር ጠረጴዛ ላይ ግማሹ የተሰፋ መጽሐፍ መርፌው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሮሐ አላነሳችውም፤ አቧራውን ስትጠርግ እንኳ ዙሪያውን ታልፈዋለች። ማንበቡን ግን አላቆመችም፤ ሥራዋ ነው። ገጽ ሲያልቅ ትገልጣለች፣ ሌላው ገጽ ሲያልቅ ትገልጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ሲግሪዱር አስቆሟት። «ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። የት ሄድሽብኝ?»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እያለቀሰችም ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሰባቱን ቤት፣ ማንደፍሮን፣ ሁለቱን ትዳር። አሮጊቷ መጀመሪያ ሳቁ።

«እኛ አገር እንዲህ ቢቆጠር ኖሮ ማንም አያገባም ነበር። ሰባት ቤት ከወጣን ደሴቱ በሙሉ ዘመድ ነው።» የሮሐ ለቅሶ ሲብስ ግን ሳቃቸውን ተዉት። «ይቅር በይኝ። ወጋችሁ ነው፤ አልነካውም። እስኪ እሱ እንደቆጠረው ቁጠሪልኝ። አንዱንም ሳትገድዪ።»

«ቃለጽድቅ፣ ዘመንፈስቅዱስ፣ ፀሐዬ፣ ማንደፍሮ።»

«ከማንደፍሮ በላይስ ማን አለ?»

«አላውቅም። እትዬ አስቆሙት።»

እማማ ሲግሪዱር ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። «አባት የሚቆጥርን ሰው መሃል ላይ አስቆማችሁት?» አሉ፤ ተቆጥተው ነበር። «ታዲያ ምኑን ሰማችሁት? ጨርሰሽ በሰማሽው ታለቅሻለሽ፤ ባልሰማሽው ግን እንዴት ታለቅሻለሽ? ካፖርትሽን ልበሺ። ሂጂና አስጨርሺው።»

ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ሮሐ አልገባትም። ግን የሚወዱትን ለማየት ምክንያት አግኝቶ እምቢ የሚል እግር የት አለ? ወንዙን ተሻገረች። መጠረዣው ውስጥ ሙጫና ቆዳ ይሸታል፤ ቃለጽድቅ ብቻውን መጭመቂያው አጠገብ ቆሟል። ከስቷል። ሲያያት እጁ ላይ ያለውን ወረቀት የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

«ለምን መጣሽ?» አላት በቀስታ።

«ቆጠራህን ጨርስልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል? ያው ነው።»

«እማማ ሲግሪዱር ናቸው የላኩኝ። እኔም እፈልጋለሁ። ጨርስልኝ።»

ዓይኑን ጨፈነ። መቁጠር ሲጀምር ቀኝ እጁ በጠረጴዛው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ፤ ወስፌ ይዞ መስመር የሚያሰምር ይመስላል። «ዘመንፈስቅዱስ፣ ፀሐዬ፣ መሪጌታ ማንደፍሮ። ከእሳቸው በላይ አባ አስመላሽ፤ ከአባ አስመላሽ በላይ አባ ተክለብርሃን...»

«አባ አስመላሽ?»

«መነኩሴ ናቸው። በሕፃንነታቸው ገዳም ገብተው እዚያው አደጉ፣ እዚያው አረፉ። አባቴ ስለ ቀለም አበጣጠራቸው ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ከገዳሙ በር ውጭ አንድ ቀን እንኳ አላደሩም ይል...»

አፉ ላይ ያለውን ቃል ሳይጨርስ ዓይኑን ገለጠ። ሮሐ እያየችው ነው።

«ታዲያ ማንደፍሮን እንዴት ወለዷቸው?» አለችው።

ቃለጽድቅ የራሱን እጅ ተመለከተ፤ ጠረጴዛው ላይ መስመር እያሰመረ ቀርቷል። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አባቱ ይህን ቆጠራ ያስጠኑት የነበረው እሳት ዳር አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ቤትም አልነበረም። ሁልጊዜ ብራና ሲያሰምሩ ነበር። እሱ ሕፃን ነው፤ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ስሞች የአባቱና የአያቱ ሲሆኑ፣ ሌሎቹም አባቶቹ መሰሉት። አባቱ ሞቱና የሚያርመው ሰው አልነበረም።

«የእጅ ቆጠራ ነው» አለ። «ማን ማንን መጻፍ እንዳስተማረ። ሮሐ፣ አያቴ የማንደፍሮ ተማሪ ነው እንጂ ልጅ አይደለም።»

መተቃቀፍ ፈልገው ነበር። ግን እርግጠኛ ሳይሆኑ መንካት ፈሩ፤ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቆመው ተያዩ፤ ያም ከመተቃቀፍ አላነሰም።

ነገሩ በግምት የሚያልፍ አልነበረም። በማግሥቱ ቪያ ቮልቱርኖ ካለው የስልክ ቤት ላስታ ደወሉ። እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አጣፍተው ከመስታወቱ ውጭ ቆሙ፤ እንዳይታለሉ ነው የመጡት። የቃለጽድቅ አባት እህት እማሆይ ቅድሳን ጥያቄውን ሲሰሙ የሳቃቸው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ተሰማ። ፀሐዬ የባህታ ልጅ ነው፤ ባህታ ንብ አናቢው። በልጅነቱ ከማር ማሰሮ ጋር መሪጌታ ማንደፍሮ ዘንድ ተማሪ ሆኖ ገባ። ማን ነው ዘሩን ከመምህሩ ጋር የሚያምታታው ሞኝ?

ቃለጽድቅ ሞኙ እኔ ነኝ ለማለት ጊዜ አላገኘም። እትዬ አሰለፈች በሩን ከፍተው ስልኩን ተቀበሉት። ሁለቱ ሴቶች ከባህታ ተነሥተው በአባትም በእናትም ወገን ሽቅብ ወጡ። እትዬ አሰለፈች በጣታቸው እየያዙ ሰሙ፤ ሰባት ሞልቶ እንኳ አላቆሙም። ሮሐና ቃለጽድቅ ከውጭ ሆነው የእያንዳንዱን ጣት መታጠፍ ያያሉ።

በመጨረሻ ወጡ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«አንድም ቦታ አንገናኝም» አሉ። ከዚያ ቃለጽድቅን ቀና ብለው አዩት። «ስትጀምር ያቋረጥኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ፣ ልጄ። አያትህ የአያቴን እንጀራ በልቶ ነው ያደገው። እጅህ ከቤታችን የወጣ እጅ ነው፤ አሁን ተመለሰ።» መረቋቸው። ለሠርጉ ግን ፋሲካ ይለፍ አሉ፤ በጾም የሚያገባ አረመኔ ብቻ ነው።

ፋሲካ ሊገባ ሲል፣ በአንድ ሞቃት ከሰዓት በኋላ፣ በእማማ ሲግሪዱር ሳሎን አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ያ ግማሹ የተሰፋ መጽሐፍ ቃለጽድቅ እጅ ላይ ተመልሷል። እትዬ አሰለፈች ስለ ሠርጉ ሊነጋገሩ መጥተው፣ ባዶ እጅ መቀመጥ ስለማይወዱ ሮሐ ለእራት የገዛችውን አርቲቾኪ የሚባል አትክልት ተቀብለው ቅጠሉን እየቀነጠሱ ነው። እማማ ሲግሪዱር የቅጠሉን ድምፅ እየሰሙ ፈገግ ይላሉ። ሮሐ አዲስ ታሪክ ጀመረች፤ እንደተለመደው የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ መዝነብ ያዘ።

«ዛሬ እንኳ ይህችን ብንዘላትስ?» አለ ቃለጽድቅ፤ እያሾፈ ነበር።

እትዬ አሰለፈች የአይስላንድን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም። ቢሆንም ከአርቲቾኪው ላይ ቀና አሉ። «ምን እየቆጠረች ነው?»

«አባቶች ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ?» አሉት። «ዝም በል፤ ትጨርስ።»

እማማ ሲግሪዱር ምን እንደተባለ ጠየቁ። ሮሐ ወደ ጣሊያንኛ መለሰችላቸው። አሮጊቷ ወደ እትዬ አሰለፈች ድምፅ ዞረው፣ ለትልቅ ሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ ጎንበስ አሉ። ሮሐ ጣቷን ወደ መጀመሪያው ስም መለሰችና እንደገና ጀመረች።